ሎጋሪዝም የት ይጠቅመናል ላላችሁኝ ሁሉ

«ቲቸር፣ ይሄ ሎጋሪዝም ሕይወታችን ላይ ምን ይሠራል?» በየዓመቱ የምጠየቀው ነው። ዘንድሮ መልሱን ይዛልኝ የመጣችው የራሴው የቀድሞ ተማሪ ናት።

ለመመረቂያ ጽሑፏ ጄል ላይ የፕሮቲን መጠን ትለካለች። ላብራቶሪው ዴንሲቶሜትር የለውም፤ ያለው ፊልም ስካን የሚያደርግ ተራ ስካነር ነው። ቁጥሮቿን ስታቀርብ አማካሪዋ «ይሄ የምን ቁጥር ነው?» አሏት። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስትነግረኝ እንባዋ ቅርር ብሎ ነበር። የወራት ልፋት ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ስካነር ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይሰጣል። 128 ሲል ግማሹ ብርሃን ያለፈ ይመስላል። አይደለም! ስካነር የሚሠራው ፎቶ ለዓይን እንዲያምር ነው፤ በተለመደው ኤስአርጂቢ አሠራር 128 ማለት 22 በመቶ ገደማ ብርሃን ነው። ኦፕቲካል ዴንሲቲ ደግሞ በሎጋሪዝም ይሄዳል፦ 10 በመቶ ብርሃን ካለፈ 1፣ 1 በመቶ ካለፈ 2፣ ከሺህ አንዱ ብቻ ካለፈ 3። ቀለም የያዘው ነገር እጥፍ ሲሆን እጥፍ የሚሆነው ዴንሲቲው ነው። ስለዚህ መጠን ማወዳደር የሚቻለው በሱ ነው።

ታዲያ ተራ ስካነር አይታመንም ማለት ነው? ይታመናል፣ ከተፈተሸ። የፒያሳ ወርቅ ቤቶችን አስቡ። ሚዛኑ የሚታመነው ስለሚያብረቀርቅ ሳይሆን ክብደቱ በታወቀ መመዘኛ ስለተፈተሸ ነው። የስካነር መመዘኛ ስቴፕ ታብሌት ይባላል፦ ከብሩህ ወደ ጥቁር ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የፊልም ቁራጭ፤ የየደረጃው ዴንሲቲ የታወቀ።

አሠራሩ፦
1. ስካነሩን አሙቁት።
2. «አውቶ» የሚል ማስተካከያ ሁሉ ይጥፋ። 16 ቢት ካለው በሱ ስካን አድርጉ።
3. ታብሌቱን ስካን አድርጉ፤ የስካነሩን ቁጥር ከታወቀው ዴንሲቲ ጋር በግራፍ አያይዙ።
4. ጄሉን በዚያው ሴቲንግ ስካን አድርጉ፤ ቁጥሩን በግራፉ ወደ ዴንሲቲ ቀይሩ።
5. ጥቁሩ ጋ ግራፉ ጠፍጣፋ ከሆነ እዚያ ያለውን ንባብ አትመኑ። ስካነሩ ከዚያ በላይ አያይም።

የድሮዎቹ ስካኖች «አውቶ» በርቶ የተነሱ ስለሆኑ አይድኑም። ደግነቱ ጄሎቹ ደርቀው ተቀምጠዋል፤ እንደገና ስካን ይደረጋሉ። የቀረን ታብሌቱ ነው። ፎቶ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት የሠራችሁ፣ ቤታችሁ የተቀመጠ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ በአደራ እንመልሳለን።