«ፀሐይ»ን ልናይ ነው

ባለፈው ኅዳር በትምህርት ጣቢያችን አንድ ነገር አሰብን። እኛ ሁለት አስተማሪዎች ነን። የምናስተምረው በደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ተማሪዎቻችንን አዲስ አበባ ወስደን አውሮፕላን እናሳያቸው አልን። በሰማይ ላይ ስታልፍ የምትታየውን አይደለም። «ፀሐይ» የምትባለውን ነው።

አስቀድመን ስለ «ፀሐይ» እንንገራችሁ። አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። እሱ ከውጭ አገር የመጣ ነበር። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም.፣ እዚያው አዲስ አበባ የተሠራች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በረረች። ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሠራት። ሞተሯ የመጣው ከውጭ ነው። ስሟ የወጣው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ነው።

በዚያው ዓመት የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። አውሮፕላኗንም ወሰዳት። ጣሊያን አገር በሙዚየም ተቀምጣ ኖረች። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሰው የሚታይበት ቤት ነው። የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። አሁን የምትታየው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው።

ታዲያ እኛ ቀን ቆረጥን። በኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ብለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ሁሉም «እሺ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ደስ አለን። ሳምንት አለፈ። የተመዘገበው ግን አራት ሰው ብቻ ሆነ። ገንዘብ ቸግሯቸው ነው ብለን አዘንን። አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ።

«ልጆቼ፣ አትቀየሙኝ» አሉን። «ስንዴው ገና አልታጨደም። ዝናብ ቢመታው የዓመት ቀለባችን ሄደ ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው።»

አፈርን። በየቅዳሜው ገበያ ሲወርዱ እያየናቸው ነበር እኮ! «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገራችሁንም?» ብንላቸው፣ «ኧረ አስተማሪ ሲናገር እንዴት ይቋረጣል?» አሉ። እኛ ዝምታውን እሺታ ብለን ተረጉመነው ነበር። አንዱን ሳንጠይቅ ቀን መቁረጣችን ትልቅ ስሕተት ነው። በማግስቱ ቀኑን እነሱ ራሳቸው ቆረጡ። አጨዳውና ውቂያው ካለቀ፣ ጥምቀትም ካለፈ በኋላ፣ ማክሰኞ ሆነ።

አንድ አባት ግን ቀኑ ቢቀየርም አልሄድም አሉ። አባታቸው በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት ሲመለሱ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የጣሊያን አውሮፕላን መርዝ ረጭቶባቸዋል። ከሞት ቢተርፉም ቆዳቸው ተቃጥሎ ነበር።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ጀርባውን ለሰው አሳይቶ አያውቅም» አሉን። «አሁን እኔ አውሮፕላን ለማየት ገንዘብ ልክፈል?»

አልተከራከርናቸውም። ምን ብለን እንከራከር?

በሌላ ሳምንት የ«ፀሐይ»ን ታሪክ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፈን ለንባብ አቀረብን። በተራ ሲነበብ «ጣሊያን ወሰዳት» የሚለው መስመር ለእኚሁ አባት ደረሳቸው። በጣታቸው እየተከተሉ «ወ፣ ሰ፣ ዳት» ብለው ቆሙ። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት።

«ተማርካ ነበር በሉኛ!» አሉ። «ስንት ዓመት?»

ሰሌዳው ላይ 2016 ሲቀነስ 1928 ብለን ጻፍን። ክፍሉ በሙሉ ሠራው። 88 መጣ። «እኔን በዕድሜ ትበልጠኛለች ማለት ነው» ብለው ተነሡና መዝገቡን ጠየቁ። ከዚህ በፊት የሚፈርሙት በጣት ነበር። ያን ማታ ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። ከሌላው ሰው ሁሉ ስም ይልቅ ሰፊ ቦታ ይዟል።

የመግቢያው ነገር በደብዳቤ አለቀ። ያስቸገረን የመኪናው ነው። ተማሪዎቻችን 31 ናቸው። ያገኘነው ቅጥቅጥ የሚይዘው 26 ሰው ነው። እኛ ሁለታችን ስንቀነስ 24 ይቀራል። ስለዚህ ሰባት ሰው መቅረት አለበት። እኛ በፈተና ነጥብ ይሁን አልን። «ነጥብ ያነሰውማ ነው ይበልጥ ማየት ያለበት» ብለው አልተቀበሉንም። ዕጣ ይውጣ አሉ። ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፍን፤ ባርኔጣ ውስጥ ጨመርን። ስሙ የወጣለት ሁሉ ወረቀቱን ራሱ አነበበ።

ያ ስለ አጨዳው የነገሩን እናት ስም አልወጣም። ልባችን ተሰበረ። እኚያ አባት «የእኔን ቦታ ይውሰዱት» አሉ። እናትየዋ ግን እምቢ አሉ። «እርስዎ የአባትዎን ነገር ይዘው ነው የሚሄዱት። እኔ ለሌላ ጊዜ ይደርሰኛል» አሉ። ከእኛም አንዳችን እንቅር ብንላቸው «ታዲያ ማን ያስረዳቸዋል?» ብለው ዘጉን። ሁለተኛ ጉዞ እስከ ሰኔ ለማድረግ መኪና እየፈለግን ነው። ገና አላገኘንም።

የምንነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ስንቁ ዳቦና ቆሎ ነው። የሚሄዱት ሁሉ መጠየቅ የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፈው ሰጥተውናል። «ስትበር ከነፋስ ጋር እንዴት ትታገላለች?» ያሉ አሉ። «የሠሯት ኢትዮጵያውያን ስማቸው ተጽፏል ወይ?» ያሉም አሉ። የሚቀሩት እናትም ወረቀት ሰጡን። ጥያቄ አይደለም። ለአውሮፕላኗ አንብቡላት ብለው ነው የሰጡን። «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ይላል።