የበለስ ውኃና ሁለቱ ሥራዎቹ

በቤታችን የሚበራው የኤሌክትሪክ መብራት ከየት እንደሚመጣ ልጆች በጠየቁን ጊዜ፥ የውኃ ወፍጮን ምሳሌ ብንነግራቸው በቶሎ ያስተውሉታል። ባለወፍጮው ከወንዙ ቦይ ቀዶ ውኃውን በተረተሩ ጎን ይመራና ከመዘውሩ ላይ ይጥለዋል። ውኃው መዘውሩን አዙሮ ሲወጣ መጠኑ አይጎድልምና ከግርጌ ያለው ገበሬ አትክልቱን ያጠጣበታል።

ይኸው ጥበብ በታላቅ መጠን የተሠራበት ስፍራ በለስ ነው። የጣና ሐይቅ በደጋው አገር፥ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተኝቷል፤ በስተምዕራብ ያለው የበለስ ሸለቆ ግን ቆላ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ውኃ ምድሩን በስቶ በሚያልፍ 12 ኪሎሜትር ያህል መተላለፊያ ተመርቶ፥ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ አራት መዘውሮችን ያዞራል። ማመንጫው በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ኃይሉ 460 ሜጋዋት ነበር።

ከዚህ በኋላ ውኃው ከበለስ ወንዝ ጋራ ተቀላቅሎ፥ አሶሳ ርእሰ ከተማው ወደ ሆነችው ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይወርዳል። ሥራው ሲታቀድ 140,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲለማበት ታስቦ ነበር፤ በጃዊም በኩል ወንዙ ተጠልፎ ሸንኮራ አገዳ እንዲያጠጣ ተደርጓል። የተረፈው ከዓባይ ጋራ ይገናኝና በ2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የታላቁን የኅዳሴ ግድብ መዘውሮች ዳግመኛ ያዞራል።

ይሁን እንጂ አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ሊመለከት ይገባዋል። ውኃ በመዘውር ሲያልፍ አይጎድልም፤ በእርሻ ላይ ሲፈስ ግን አብዛኛው በዚያው ይቀራል። ወደ በለስ የተመራውም ውኃ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አያልፍምና የፏፏቴው ግርማ ከቀድሞው ቀንሷል። በታችም በፓዌ አካባቢ ከጥንት የኖረው የጉሙዝ ሕዝብ፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላም አገር መጥቶ የሰፈረውም ሕዝብ ከዚሁ ወንዝ ይጠብቃል።

በገጠራችን በአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች የውኃ አባት ይመርጣሉ። እርሱም ተራ ይሰጣል፤ የራስጌው ባለመሬት የግርጌውን እንዳይበድል ይጠብቃል፤ ክርክርም ሲነሣ ይዳኛል። ቦዩ ቢረዝምና መዘውሩ ቢበዛ ይህ ሹመት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። ውኃውን ለመምራት መሐንዲስ እንደሚያሻ፥ ለማካፈልም እውነተኛ ዳኛ ያሻልና።