ቁራኛ የሌለው ሙግት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን ስለ ንጉሡ ነበር የተናገሩት። ስለ ሰማዩ ባለቤት ያሉት ነገር የለም። አይፈረድባቸውም። ንጉሥ በማይከሰስበት አገር ፈጣሪን እከሳለሁ የሚል ማን ይወጣል? የሚገርመው ግን ይኸው ሕዝብ በሙግት ፍቅሩ የታወቀ መሆኑ ነው። ለአንድ ክንድ ድንበር በሬ ሸጠው፣ ስንቅ ቋጥረው፣ አፈ ንጉሡ ዘንድ ድረስ ይግባኝ ሲሉ የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ነን። «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲጀምሩ ለማድመጥ ብቻ የሚሰበሰበው ሰው ከባለጉዳዩ ይበዛ ነበር አሉ።

የዕብራውያን መጻሕፍትም፣ ማለት እኛ ብሉይ ኪዳን የምንላቸው፣ እንዲሁ ሙግት የሚወዱ ናቸው። «ሪብ» የሚል የዕብራይስጥ ቃል አለ፤ ጠብም፣ ሙግትም፣ ክስም ማለት ነው። ሚክያስ ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን ሲከስ ተራሮቹንና የምድርን መሠረት ለችሎቱ አድማጭ አድርጎ ይጠራል። ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰማይና ምድርን ስሙ ይላል፤ ትንሽ ወረድ ብሎም ሕዝቡን ለመዋቀስ ይጋብዛል። ከሳሹ እግዚአብሔር ሲሆን ችሎቱ ሙሉ ነው፤ ምስክር አለ፣ ታዳሚ አለ፣ ፍርዱም ይፈጸማል። ከሳሹ ሰው ሲሆንስ?

እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኖርኩባቸው ዓመታት የቀረኝ አንድ ልማድ ግን አለ። መጽሐፍ ሳነብ ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣ ማን ሳይመልስ ወጣ እያልኩ እቆጥራለሁ። በዚህ ዓይን ካያችሁት ነገሩ ከአብርሃም ይጀምራል።

ሰዶም ልትጠፋ ነው ሲባል አብርሃም የተከራከረው ክርክር የመርካቶ ነጋዴ የሚያደንቀው ዓይነት ነው። ከ50 ጻድቃን ተነሣ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብልኃቱን ተመልከቱ፤ አርባ አምስት ብሎ ቁጥር አይጠራም፣ የጎደሉትን አምስቱን ብቻ አንሥቶ በነሱ ጉድለት ከተማ ይጥፋ ወይ ይላል። ከዚያ 40፣ 30፣ 20፣ 10። ስድስት ጊዜ ጠየቀ፣ ስድስት ጊዜ እሺ ተባለ። በመሐል የምድር ሁሉ ዳኛ ራሱ ፍርድ ሊያጓድል ነውን የሚል ጥያቄ ጣል አድርጎ አልፏል፤ ዛሬ እንኳ ዳኛ ፊት እንዲህ የሚናገር ጠበቃ ብዙ አይገኝም። አሥር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ቆመ። እግዚአብሔር ሄደ፣ አብርሃም ወደ ስፍራው ተመለሰ፣ በማግሥቱ ጠዋት ከሸለቆው ጢስ ሲወጣ አየ። በክርክሩ አንድም ጊዜ አልተረታም፤ ከተማዋ ግን ጠፋች።

ስለዚህ ምዕራፍ የአይሁድ ሊቃውንት ያቆዩት አንድ ወግ አለ። አሁን ያለው ንባብ አብርሃም በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ እንደነበር ይናገራል። ጥንት ግን የተጻፈው በተገላቢጦሽ፣ እግዚአብሔር በአብርሃም ፊት ቆሞ እንደነበር ነው፤ ጸሐፍት ለክብሩ ሲሉ አዞሩት ይላሉ። «የጸሐፍት እርማት» ተብለው ከሚቆጠሩት 18 ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ችሎት ፊት ቆሞ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይቺ እርማት ቀላል አይደለችም።

ያው አብርሃም ከአራት ምዕራፍ በኋላ ልጅህን ሠዋልኝ ሲባል አንድ የተቃውሞ ቃል አልወጣውም። አህያውን ጭኖ ማልዶ መንገድ ገባ። ከወንድሙ ልጅ ከሎጥ ቤት በቀር ዘመድ በሌለው ከተማ ስድስት ጊዜ የተከራከረ ሰው፣ ለገዛ ልጁ «ኧረ ጌታዬ!» እንኳ አላለም። ሰባኪዎች ይኼን እምነት ይሉታል፤ ይሁንላቸው። እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ለሌላው ሲሟገት ጆሮ ያገኛል፤ ለራሱ ሲሆን ምላሱ ይታሰራል፣ ባይታሰርም ሰሚ የለውም። ሙሴን ውሰዱ። ጥጃ ያመለከውን ሕዝብ አጠፋለሁ ሲባል ተከራክሮ ውሳኔ አስለውጧል። ለራሱ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ያቺን መልካም ምድር ልይ ብሎ ሲለምን ግን የተሰጠው መልስ ባጭሩ «ይበቃሃል፣ ሁለተኛ እንዳታነሣው» የሚል ነው። ኤርምያስም አለ። ክሱን ሳይጀምር ገና፣ ብከራከርህም እውነቱ ያንተ ነው ብሎ ለባላጋራው ፈርዶ ነው የሚነሣው። ቀጥሎ የክፉዎች ኑሮ ለምን ይቃናል ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከእግረኛ ጋር ሮጠህ ከደከመህ ከፈረስ ጋር ምን ልትሆን ነው የሚል ሆነ። መጽናኛ ፈልጎ የሄደ ሰው የባሰ እንደሚመጣ ተነግሮት ተመለሰ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኅቴ የ19 ዓመት ልጇን ቀበረች። ሕመሙ ሦስት ወር አልሞላም። በሁለተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ እንባዋ አልቆ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «ምን በድዬው ነው? እስቲ ምን እንደበደልኩ ይንገረኝ» አለች። ያን ጊዜ ያገር ሴት ተነሣባት። «ተይ እንጂ! አታማርሪ! እሱ ሰጠ፣ እሱ ወሰደ!» አንዲት ደግ ባልቴት፣ እዝን ተሸክመው የመጡ ሴት፣ እጅዋን ይዘው «እንደ ኢዮብ ቻይው ልጄ» አሏት። እኅቴ ነጠላዋን በአፍዋ ላይ መለሰች። ለቀስተኛ መሐል ምዕራፍና ቁጥር አይጠቀስምና ምንም አላልኩም። ጥያቄው ግን እስካሁን ከእኔ ጋር አለ። የትኛውን ኢዮብ?

ታጋሹ ኢዮብ የሁለት ምዕራፍ ሰው ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው ኢዮብ የተወለደበትን ቀን የሚረግም፣ ፈጣሪውን ችሎት የሚጠራ፣ ወዳጆቹን ውሸታም ሐኪሞች የሚል፣ አርፈህ ተቀመጥ ቢሉት የማይቀመጥ ሰው ነው። እኛ ግን መግቢያውንና መደምደሚያውን አንብበን መሐሉን ዘለልነው። በልቅሶ ቤት የምንጠቅሰው ያንን የተዘለለ መጽሐፍ ነው።

ኢዮብ የሚናገርበት ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር የፍርድ ቤት ነው። መግቢያው ላይ በሰማይ ጉባኤ የሚቀርበው «ሰይጣን» እንኳ በዕብራይስጡ የተጸውኦ ስም አይደለም፤ «ከሳሹ» እንደ ማለት ያለ የሹመት መጠሪያ ነው። ዐቃቤ ሕግ በሉት። ምዕራፍ 31 ላይ ኢዮብ ፈርሜያለሁ፣ ባላጋራዬም ክሱን በጽሑፍ ያቅርብልኝ ይላል። «ፊርማዬ» የሚለው ቃል በዕብራይስጥ «ታው» ነው፤ የፊደላቸው መጨረሻ፣ በጥንቱ አጻጻፍ የመስቀል ምልክት። የኛ «ተ» ያንን መልክ እስከ ዛሬ ይዛለች። ጽሕፈት የማያውቅ ገበሬ ውል ላይ እንደሚያደርገው ምልክት ያለች ናት።

ችግሩን ግን ኢዮብ ራሱ ቀድሞ አውቆታል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ባላጋራዬ እንደኔ ሰው አይደለም፣ ከሺህ ጥያቄው አንዱን አልመልስለትም፣ በሁለታችን ላይ እጁን የሚጭን ገላጋይም በመካከላችን የለም። ይኼ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በድሮው ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ሩቅ ቢሆንባቸው መንገደኛ አስቁመው የመንገድ ዳኛ ሁነን ይሉታል። ያቺ ቋጠሮ ሁለቱን ቢያንስ እስከ ችሎቱ ድረስ እኩል ታደርጋቸዋለች። ኢዮብ የሚፈልገው ይቺኑ ቋጠሮ ነው። የገዛ ነጠላውን ጫፍ ይዞ ቆሟል፤ የሌላውን ጫፍ የት አግኝቶ ይቋጥረው?

ደግሞ እኛ ሰው ሲበድለን የምንጮኸው «በሕግ አምላክ!» ብለን ነው። ይቺ ቃል የሚሮጠውን ሌባ እንኳ ታቆም ነበር ይባላል። በዳዩ የሕጉ አምላክ ራሱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በማን ስም ያቁመው? ኢዮብ ያገኘው መላ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በራሱ በእግዚአብሔር ስም አቆመው። ምዕራፍ 27 ላይ ፍርዴን በነሣኝ በሕያው አምላክ እምላለሁ ብሎ ይምላል። ምዕራፍ 16 ላይም ምስክሬ በሰማይ አለ ይላል። ተከሳሹን ምስክር አድርጎ ቆጠረ ማለት ነው። ሌላ የሚጠራው አልነበረውማ።

መልሱ መጣ፤ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ፣ ከምዕራፍ 38 እስከ 41። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ካነበብኳቸው ግጥሞች ይኼን የሚያክል ጥቂት ነው። ምድር ስትመሠረት የት ነበርክ? የበረዶውን ግምጃ ቤት አይተሃል? የበረሃ ፍየል መቼ እንደምትወልድ ታውቃለህ? ሰጎን፣ ፈረስ፣ ንስር፣ ብሔሞት፣ ሌዋታን። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ነው። በነዚህ መጻሕፍት እግዚአብሔር ሲጠየቅ መጠየቅ ይወዳል። የዮናስ መጽሐፍም የሚያበቃው ከ120 ሺህ በላይ ሰውና ብዙ እንስሳ ላለባት ለነነዌ አልራራምን በሚል ጥያቄ ነው፤ ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም። ችሎት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጥያቄ የሚጠይቀው ችሎቱን የያዘው ነው።

አንድ ዓመት ይኼን ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ታዲያ መለሰለት ወይስ አልመለሰለትም?» አለኝ። ቁጠር አልኩት። በነዚህ አራት ምዕራፎች የሞቱት የኢዮብ ልጆች፣ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ስንት ጊዜ ተነሡ? በሰማይ የተደረገው ውርርድስ? በማግሥቱ ቆጥሮ መጣ። «ምንም» አለ። ትንሽ አሰበና «ግን ኃጢአት ሠርተሃልም አላለውም» ሲል ጨመረ። ጎበዝ ልጅ ነበር። ውርርዱን እኛ አንባቢዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እናውቃለን፤ ኢዮብ ግን እስከ ሞተበት ቀን አልሰማም። መዝገቡ ለከሳሹ ሳይገለጥለት ተዘጋ።

ኢዮብ በመጨረሻ የሚናገረው፣ ተጸጸተ እየተባለ የሚሰበክበት፣ ምዕራፍ 42 ቁጥር 6፣ በዕብራይስጡ ሊቃውንትን የሚያነታርክ ነው። አንደኛው ግስ እተዋለሁ ወይም እንቃለሁ ይላል፤ ምኑን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለተኛው ተጸጸትኩም ተጽናናሁም ሊሆን ይችላል። ርግጡ ነገር «ዓፋር ወኤፌር» የሚሉት ሁለት ቃላት መኖራቸው ነው፤ ዓፋር ከኛ «አፈር» ጋር ዝምድናው ለጆሮ አይሰወርም። አብርሃምም ለሰዶም ሲከራከር ራሱን የጠራው በነዚሁ ሁለት ቃላት ነበር። አፈርና አመድ ነኝ ብሎ፣ ግን ቀጥሎ አርባ አምስት፣ አርባ እያለ ሄደ።

እኅቴን ዝም ላሰኙት ሴቶች ማንበብ የምፈልገው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። እግዚአብሔር በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ተቆጣ። ስለ እኔ እንደ ኢዮብ ቅኑን አልተናገራችሁም አላቸው። እነዚያ ሰዎች እኮ ሲሟገቱ የሰነበቱት ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው ነበር! አታማርር ሲሉት የከረሙት እነሱ ናቸው። የሠሩት መልካም ሥራ ቢኖር መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ቁጭ ብለው ዝም ማለታቸው ነው። አሁን ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ኢዮብ ዘንድ ሄዱ፣ ኢዮብ ጸለየላቸው፣ ጸሎቱም ተሰማ። ለራሱ 30 ምዕራፍ ሙሉ ተሟግቶ ያላገኘውን ለነሱ ባንድ ጸሎት አገኘላቸው።

ከዚያም ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና የድሮ ወዳጆቹ ሁሉ መጡ። ቤቱ ገብተው እንጀራ በሉ፣ አጽናኑት፣ እያንዳንዳቸው ገንዘብና የወርቅ ቀለበት ሰጡት። ልክ እንደኛ ለቅሶ ደራሽ። ጸሐፊው የሚያጽናኑት እግዚአብሔር ስላመጣበት ክፉ ነገር ነው ብሎ ሳይሸፍን ጽፎታል። በጎቹ 14 ሺህ፣ ግመሎቹ ስድስት ሺህ ሆኑ፤ ሁሉም እጥፍ። ልጆቹ ግን እጥፍ አልሆኑም፤ እንደገና ሰባትና ሦስት ናቸው።

ሚስቱ በዚህ ምዕራፍ የለችም። በዕብራይስጡ መጽሐፍ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርን ሰድበህ ሙት ያለችው። ያም ቢሆን ዕብራይስጡ ስድብ የሚለውን ቃል መጻፍ ፈርቶ «ባርክ» ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይገባዋል። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ግን ረዘም ያለ ንግግር ሰጥቷታል። በከንቱ ስላማጠቻቸው ልጆች ትናገራለች፣ ከቤት ቤት እየዞረች በቅጥር ስለምትሠራው ሥራ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለምትጠብቀው ዕረፍት። አሥሩን ልጆች የወለደቻቸው እሷ ነበረች። በመጨረሻው ቀን ቀለበት ይዘው ከመጡት ዘመዶች ውስጥ ወደሷ ዞር ብሎ የጠየቃት ሰው እንደነበረ መጽሐፉ አይናገርም።