ማርታን ያባከናት ምንድን ነው?

በሉቃስ 10 ማርታን ከጌታ እግር ሥር ያራቃት ኃጢአት አልነበረም፤ ለራሱ ለጌታ የምታሰናዳው መስተንግዶ ነበር። ሉቃስ ስለ መባከኗ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ወዲያና ወዲህ መጎተትን ያመለክታል።

በመጋቢነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ጌታን በአንድ ቀን ክደው የሄዱ ሰዎች ያየሁት ጥቂት ነው። ብዙዎች የቀዘቀዙት ቀስ በቀስ ተጎትተው ነው። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሳችን ስልካችን ውስጥ ነው። መዝሙር 23ን ስንከፍት የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል፤ «አንዴ ልየው» እንላለን፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እረኛውን ትተን የማናውቀውን ሰው ሠርግ እያየን እንገኛለን። ያየነው ክፉ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጳውሎስ በሮሜ 10 እምነትን ከመስማት ጋር ያያይዘዋል። ሳንሰማ እንዴት እንጸናለን?

እኔ ማለዳ ስልኬን ሳሎን ትቼ የወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን እጄ ኪሴን ይዳስስ ነበር። አሁን በዚያ ጸጥታ የታመሙና ያዘኑ ምእመናን አንድ በአንድ ትዝ ይሉኛል፤ በስማቸው እጸልይላቸዋለሁ።

ጌታ ማርታን የጠራት ስሟን ደጋግሞ፣ በፍቅር ነው። እኛንም ይጠራናል። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምንሰማው የማንን ድምፅ ይሆን?

ጸጋ ይብዛላችሁ።