ከአሶሳ ጅግጅጋ፣ ዋዛ ይዘን

በ1990ዎቹ አሶሳ፣ ባምባሲ፣ ሆሞሻና መንጌ ያደግን ልጆች አገራችንን ያየናት በኪነት ቡድን ነው። ለትምህርት የወጣ ነበር፤ ለንግድ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ድረስ የሚመላለስም ነበር። ብዙዎቻችን ግን ከክልላችን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ መጀመሪያ የወጣነው ስማችን አንድ ወረቀት ላይ «ተወዛዋዥ» ወይም «ነፊ» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን መከበር የጀመረው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ህዳር 29 በመጣ ቁጥር በዓሉ ከከተማ ከተማ ይዞራል፦ 2004 መቀሌ፣ 2005 ባሕር ዳር፣ 2006 ጅግጅጋ። ሌላው ሰው በጂኦግራፊ መጽሐፍ የተማራቸውን ከተሞች እኛ በዚህ ቅደም ተከተል ተማርናቸው።

ከመሣሪያ ሁሉ ለመንገድ የማይመቸው ዋዛ ነው። ዋዛ የበርታዎች መለከት ነው። የቅል ቁራጭ አንዱ በሌላው እየገባ ይቀጣጠልና አፉ እየሰፋ ይሄዳል፤ ረጅሙ የሰው ቁመት ያክላል። ቅል ደግሞ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ ከበሮና ክራራቸውን ጭነው ሲጨርሱ እኛ ገና ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር እንነጋገር ነበር። ፖርቶመጋላ ላይ ከፍራሽና ከሻንጣ ጋር ከታሰረ ነቀምቴ ሳይደርስ ያልቅለታል። ስለዚህ ውስጥ ይገባል፤ ጋቢ ተነጥፎለት በመቀመጫዎቹ መሃል ይጋደማል፤ ነፊው አጠገቡ ይቀመጣል። ይህን ያህል የምንሳሳለት በከንቱ አልነበረም። እያንዳንዱ ዋዛ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አስር፣ አስራ ሁለት ሆነን እንቆማለን፤ ተራው የደረሰ ያቺን ድምፁን ይነፋል፤ ዜማው ከሁላችን መሃል ይወጣል። አንዱ ዋዛ ከተሰበረ ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ይቀራል፤ የቀረነው ምን ብንነፋ አንሞላውም።

አሶሳ ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ለብዙ ዓመት ፒስታ ነበር። ባምባሲ፣ መንዲ፣ ነጆና ጊምቢ ካለፉ በኋላ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ነቀምቴ ሽቅብ ነው። በዓሉ ጅግጅጋ ሲሆን ግን አዲስ አበባ የመንገዱ ግማሽ ብቻ ናት። አዋሽን፣ ጭሮን፣ ሐረርን አልፈን የካራማራን ተራራ ስንሻገር አገሪቱን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋርጠን ነበር። ከሱዳን ድንበር ተነስቶ ሶማሌ ክልል ድረስ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ስለዚህች አገር ስፋት ማንም ሊነግረው አይችልም። የማሽላውን እርሻ፣ የጤፉን ማሳ፣ ከዚያ ግመሉን በመስኮት አይቷል።

የገዛ ክልላችንን ከማየታችን በፊት ጅግጅጋን ማየታችን ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ከወንዙ ማዶ ያለችው ግልገል በለስ ለመድረስ ወደ ነቀምቴ ሄዶ ወደ ቡሬ መሻገር፣ ከዚያ በእንጅባራና በቻግኒ በኩል መዞር ነበረብን። በካርታ ጎረቤት የሆኑትን የመተከል ጉሙዞችና ሺናሻዎች ለመጠየቅ ኦሮሚያንና አማራን ማቋረጥ ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ ዘመን የአሶሳ ልጅ የመተከል እኩያውን ያወቀው በአብዛኛው ልምምድ ላይ ነው፤ አንድ ክልል ተብለው በአንድ ቡድን ሲሰለፉ። እስክስታውን ከወሎ ሰፋሪ ልጆች፣ የጉሙዙን ጭፈራ ከማንዱራ ልጆች የቀሰምነው በዚያ ልምምድ ነው። በ1977 ድርቅ አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት የወሎ ቤተሰቦች ልጆች ከእኛ ጋር አድገው የዋዛውን ጭፈራ ከእኛ እኩል ያውቁት ነበር።

ጅግጅጋ ላይ መድረኩ የተሰጠን ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። ዋዛ በተፈጥሮው ክብ ሠርቶ፣ እየዞረ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ የሚነፋ ነው። ከመከር ጋር የተያያዘ ጨዋታ ነው፤ መንደር ውስጥ ከተጀመረ ሰዓት አይቆጠርለትም፤ ነፊ ሲደክም ሌላ ይተካል። አዘጋጆቹ ግን ፊታችንን ወደ ክብር እንግዶቹ አዙረው በረድፍ አሰለፉን። ማይክ ለሁለት ሰው ብቻ ደረሰ። ዳር የቆመው ነፊ ሌላኛውን ዳር አይሰማም። የሁለት ሰው ድምፅ ጎልቶ፣ የሌላው ሰምጦ፣ ዜማው ተቆራረጠ። የልብሳችን ቀለም ግን በቴሌቪዥን አምሮ ታየ፤ ዘመዶቻችንም አይተው ደስ አላቸው።

ያ ሙዚቃ በትክክል የተሰማው በዚያው ሌሊት፣ ባረፍንበት ግቢ ነው። ከደቡብ የመጡ የድራሼ ልጆች ፊላ ይዘው ነበር። ፊላ የቀርከሃ ዋሽንት ነው፤ እንደ ዋዛ ሁሉ ከእያንዳንዱ ሰው የሚጠበቀው አንድ ድምፅ፣ በተራው፣ በሰዓቱ ነው። እራት በልተን ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን መንፋት ጀመርን። እነሱ ቆመው አዳመጡ። ብዙም ሳይቆዩ በእኛ ሁለት ድምፆች መሃል ያለችውን ክፍተት አገኟት። አንዱ ገባ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ክቡም ሰፋ። ቋንቋ አንግባባም። በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ሕዝቦች ዜማን ለብዙ ሰው የማካፈልን ዘዴ እንዴት እኩል እንዳገኙት እስከ ዛሬ አስባለሁ። አጠገባችን የነበሩ ሌሎች ቡድኖች መኝታቸውን ትተው መጡ። ካሜራ አልነበረም፤ ፕሮግራም መሪም አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2007፣ ተረኛዋ አሶሳ ሆነች። ያኔ እንግዳ ተቀባዮች ሆንን። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ጋር አቀረብን፤ ማንጎ ዛፎቻችን ሥር አስቀመጥናቸው፤ ጅግጅጋ ያገኘናቸውን ጥቂቶቹን በስም ጠርተን አቀፍናቸው። ስለ አሶሳ በወሬ ብቻ ይሰማ የነበረ ሰው መጥቶ ማየቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። የመድረኩ ሰዓት ግን እንደ ጅግጅጋው አጭር ነበር።

ትውልዴ ስለ እነዚህ ጉዞዎች ያመሰግናል፤ ያዝናልም። ምስጋናዬ ለመንገዱና ለተዋወቅናቸው ሰዎች ነው። የማዝነው በሄድንበት ሁሉ የብሔራችን ምልክት እንጂ ሙዚቀኛ ሆነን አለመጠራታችን ነው። አዝማሪ ማታ ማታ የሚጫወትበት ቤት አለው፤ ሰው ከፍሎ ይገባል፤ ወዶት ይሸልማል፤ ሲሰለቸው ይወጣል። ይህ ለሙያ ትልቅ ክብር ነው። ዋዛን ለመስማት ትኬት የቆረጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ውሎ አበል ተከፍሎናል፤ ቲሸርት ተሰጥቶናል፤ የህዳሴው ግድብ ዋንጫ በየክልሉ ሲዞርም ተጠርተን ነፍተናል። አንድ ምሽት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያዳመጠን ግን የጅግጅጋው ግቢ ብቻ ነው።

ከ2011 ወዲህ ጉዞውም ቀረ። በካማሺ፣ ቀጥሎም በመተከል ስንት ሰው ተገደለ፣ ስንቱ ተፈናቀለ። በወለጋ የሚያልፈው መንገድ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ፤ በአውሮፕላን ደግሞ አስራ ሁለት ነፊና ቅል ማን ይጭናል? ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው የአሶሳ ልጅ ዴዴሳን በአውቶቡስ መስኮት ላያየው ይችላል። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይል፣ ዋዛ የሚነፉ በርታዎች አሉ፤ ሚያዝያ 2015 በተነሳው ጦርነት ከሱዳን የሸሹ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ገብተው አሶሳ አቅራቢያ ኡራ መጠለያ ይኖራሉ። ዋዛ የሚያውቅ ሰው በመጠለያና በመንደር ተዘግቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ቲያትር ቤት ለሚመሩ፣ የባህል ምሽት ለሚያዘጋጁ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በአዲስ አበባ አዳራሽ ላላቸው ሁሉ የምለምነው አለኝ። ጥሪ በመጣ ቁጥር የምንጠየቀው «ስንት ሰው ናችሁ? ስንት ደቂቃ ይበቃችኋል?» ተብለን ነው። መልሳችን አስራ ሁለት ሰው፣ ክብ የሚያሠራ ወለል፣ በሩ ላይ ትኬትና አንድ ሙሉ ምሽት ነው። ለመኪናው እኛ ሾፌሩን እናግባባለን።