እርግጠኛዋን አንድ ነጥብ የተወ ሰው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1984፣ ማታ። ማያሚ ከተማ የሚገኘው ኦሬንጅ ቦውል ስታዲየም ከ72 ሺህ በላይ ተመልካች ይዟል። ጨዋታው ሊያልቅ 48 ሰከንድ ቀርቶታል። ውጤቱ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ 31፣ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ 30።

የነብራስካው አሰልጣኝ ቶም ኦዝቦርን ሜዳው ዳር ቆሟል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናደድም ሲደሰትም ፊቱ ብዙ የማይለዋወጥ ሰው ነው። አሁን በሰከንዶች ውስጥ አንድ ነገር መወሰን አለበት።

የውሳኔው ክብደት እንዲገባ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን፣ በትከሻ የሚጋጩበትን ጨዋታ ነው። ኳሷን ይዞ የተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ውስጥ የገባ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ምርጫ ይሰጠዋል። ኳሷን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ካሳለፈ 1 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ይህ ከሞላ ጎደል እርግጠኛ ነው። ወይም ከ3 ያርድ ርቀት ላይ ተነስቶ ኳሷን እንደገና ወደ ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል። ከተሳካ 2 ነጥብ፣ ካልተሳካ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በዚያ ዘመን የኮሌጅ ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት የለውም። እኩል ከሆነ እኩል ነው። አገር አቀፍ የዋንጫ ውድድርም የለም። የዓመቱ ምርጥ ቡድኖች አዲስ ዓመት ሰሞን «ቦውል» በሚባሉ የግብዣ ጨዋታዎች ይገናኛሉ፤ ከዚያ ጋዜጠኞችና አሰልጣኞች ለየብቻቸው ድምፅ ሰጥተው የአገሪቱን ሻምፒዮን ይሰይማሉ።

ነብራስካ ወደ ማያሚ የመጣው 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም አሸንፎ፣ በደረጃው አንደኛ ሆኖ ነው። በዚያው ቀን ቀደም ብሎ ሁለተኛ የነበረው ቴክሳስ በጆርጂያ 10 ለ 9 ተሸንፏል። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ኳሷ ትመታ፣ 31 ለ 31 ይለቅ፣ ሻምፒዮናው የነብራስካ ነው። ይህን ስታዲየም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ኦዝቦርንም ያውቃል።

እዚህ የተደረሰውም በቀላሉ አልነበረም። ማያሚ በገዛ ሜዳው፣ የመጀመሪያ ዓመቱን በሚጫወተው በርኒ ኮሳር እየተመራ፣ ገና በመጀመሪያው ሩብ 17 ለ 0 መራ። ነብራስካ ተነስቶ 17 ለ 17 አደረገው። ማያሚ እንደገና 31 ለ 17 ሸሸ። በዚህ መሃል የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሄይስማን ሽልማት የወሰደው የነብራስካው ማይክ ሮዚየር ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ። በእሱ ቦታ የገባው ጄፍ ስሚዝ ነው ቡድኑን ያነሳው። ልዩነቱ ወደ 7 ወረደ። በመጨረሻው ግስጋሴ፣ ሌላ ሙከራ በማይኖርበት በአራተኛው ሙከራ ላይ፣ ስሚዝ ኳሷን ይዞ 24 ያርድ ሮጦ ገባ። 31 ለ 30።

ኦዝቦርን የመቺውን ልጅ አልጠራም። ሁለት ጣቱን አሳየ።

ኳርተርባኩ ተርነር ጊል ወደ ቀኝ እየሮጠ ኳሷን ለስሚዝ ወረወረ። የማያሚው ተከላካይ ኬኒ ካልሁን እጁን ዘረጋ፤ ጣቱ ነካት። ኳሷ አቅጣጫዋን ሳተች፣ ስሚዝም ሊይዛት አልቻለም። ማያሚ አሸነፈ። በማግስቱ ድምፅ ሲቆጠር፣ ከጨዋታው በፊት አምስተኛ የነበረው ማያሚ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ነብራስካ ሁለተኛ።

ጅል ነበር የሚል አለ፤ ክርክሩም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ዋንጫው የኦዝቦርን ብቻ አልነበረም። ክረምት ከበጋ የሮጡ፣ የተሰበሩ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የማያገኙ ልጆች ነበሩ። አንድ ሰው ስለ ክብር ያለው ሐሳብ የሌሎችን ዓመት ሙሉ ድካም ሊያስይዝበት ይገባል? የራሱን ሲያስይዝ ጀግና ይባላል፤ የሌላውን ሲያስይዝ ግን ጥያቄ አለ።

ነገር ግን የሌላኛው መንገድ ዋጋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 የኖተርዳም ቡድን ከሚሺጋን ስቴት ጋር 10 ለ 10 ሆኖ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ኳሷ በእጁ ነበረች። አሰልጣኙ አራ ፓርሴጊያን ለማሸነፍ ከመድፈር ይልቅ ሰዓቱ እንዲያልቅ መረጠ። ሒሳቡ ሠራለት፤ በድምፅ ሻምፒዮን ተባለ። ሆኖም ትልቅ አሰልጣኝ የነበረው ይህ ሰው፣ ያን ደቂቃ እስኪሞት ድረስ ሲጠየቅበት ኖሯል። ዋንጫ አንስቶ ማብራሪያ መስጠት የማያልቅለት ሆነ። ኦዝቦርን ተሸንፎ ያን ያህል ማብራሪያ አልተጠየቀም።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ደንብ አልጣሱም። ደንቡ እኩል መውጣትን ይፈቅዳል፤ ድምፅ ሰጪውም በዚያ ላይ ዘውድ ይጭናል። ኦዝቦርን ግን ደንቡ የሚፈቅድለትን እና ቡድኑ «አንደኛ ነኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገርበትን ለየ። ተጋጣሚውን ሳያሸንፉ ሻምፒዮን መባል በወረቀት ላይ ይቻላል፤ ለእሱ ግን አልበቃውም። ወንበር የያዘ ሰው ሁሉ፣ የድርጅትም ይሁን የአገር፣ አንድ ቀን እዚህ ምርጫ ላይ ይቆማል፦ ሕጉ ሳይከለክለው፣ ሳያሸንፍ አሸናፊ የሚባልበት ቀን። «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚሉት አበው የሚፈረድበትን ሰዓት ያውቁት ነበር።

ታሪኩ ኋላ ላይ ለኦዝቦርን ፊቱን አዙሮለታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995፣ እዚያው ስታዲየም፣ ያንኑ ማያሚን ከኋላ ተነስቶ 24 ለ 17 አሸነፈ፤ የመጀመሪያውን ሻምፒዮናም ወሰደ። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ሁለት ጨመረ። ከዚያም የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ጭማሪ ሰዓት በሁሉም የኮሌጅ ጨዋታ ስለገባ፣ ያን ዓይነቱ ምርጫ ከነአካቴው ቀረ።

ይህን እንደ ካሳ መቁጠር ግን ቀላል ስህተት ነው። የ1995ቱ ዋንጫ የደረሰው ለሌሎች ልጆች ነው። ጊል፣ ስሚዝ፣ ሮዚየርና ጓደኞቻቸው ያን ማታ ያጡትን ማንም አልመለሰላቸውም። ኦዝቦርን ሁለት ጣቱን ሲያነሳ ወደፊት እንደሚካስ የነገረው አልነበረም። የውሳኔው ክብደትም ይኸው ነው፦ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ አደረገው፤ አጣም።