ሙቀትና ጋቢና በጅቡቲ ከተማ

ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቈረቈረች ወደብ ናት። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። ከዚያ የተነሣው የቀድሞው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡርም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ዛሬም ብዙው ጭነት የሚጓጓዘው በከባድ መኪና ስለ ሆነ፣ ፒኬ 12 በተባለው ሠፈር የኢትዮጵያ ሹፌሮች ተሰልፈው ይታያሉ።

በበጋቸው፣ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ሲመጣማ ጥላው እንኳ አያሳርፍም። በነዚህ ወራት የጋቢና ማቀዝቀዣ የድሎት ዕቃ አይደለም፤ ሙቀት ያደከመው ሹፌር ዐይኑ ይከብደዋል፣ ከዚያ እስከ ጋላፊ ያለው መንገድ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሄድን ጊዜ በአንድ ጋራዥ የመኪና ማቀዝቀዣ ሲጠገን ተመለከትን። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በማግሥቱ በጠዋት ጭነው መነሣት ነበረባቸው።

«ልጄ፣ ጋዙን ሙላልኝና ልሂድ» አሉት መካኒኩን።

«ጋሼ፣ ይህ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጐደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው» ሲል መለሰላቸው።

በዚያ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ አስሞልተው ነበርና ዝም አሉ።

ወጣቱ በመጀመሪያ ማራገቢያው እንደሚነፍስ፣ ቺንጊያው እንዳልላላ፣ ፊውዙም እንዳልተቃጠለ አረጋገጠ። ኮምፕሬሰሩ ግን አልነሣም አለ። የግፊት መለኪያ ቢያገናኝ መርፌው ዝቅ ብሎ ቆመ። ጋዝ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ እንዳይበላሽ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መቈጣጠሪያ አለና ምክንያቱ ታወቀ። ከዚህ በኋላ ናይትሮጅን በግፊት አስገብቶ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባቸው። ከራዲያተሩ ፊት ካለው ኮንደንሰር ሥር አረፋው እንደ ሽሮ ተንተከተከ፤ ለካ የጎማው ቀለበት ተሰንጥቆ ኖሯል።

ቀለበቱንና እርጥበት የሚመጠውን ማጣሪያ ለወጠ፤ በኮንደንሰሩ ላይ የተጋገረውን አቧራና የባሕር ጨውም በውሃ አጠበ። እርጥበት ውስጥ ቢቀር በረዶ ሆኖ ቀጭኑን መተላለፊያ ይዘጋልና፣ በፓምፕ መጥጦ አወጣው። ፓምፑን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፤ መርፌው ንቅንቅ አለማለቱን ካየ በኋላ ጋዙን በሚዛን ለክቶ ሞላ። ኮምፕሬሰሩ ተነሣ፤ ሹፌሩም መዳፋቸውን በቀዝቃዛው ነፋስ ፊት ዘርግተው መረቁት።

ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት ጥፋቱ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል። በብዙ መኪና የሚሞላው አር 134 ኤ የተባለው ጋዝ ወደ አየር ሲወጣ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1000 እጥፍ በላይ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን የጐደለውን ከመሙላታችን በፊት በምን እንደ ጐደለ ብንጠይቅ፣ ሁለተኛ ለመሙላት ባልተገደድን ነበር።